ፊት ለፊት የሚነፍስ ንፋስም ያታልላል

ጥያቄ፦ «በጥቅምት መጀመሪያ ጣርማ በር አካባቢ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ከሚያየው አፋፍ በፓራግላይደር፣ ማለትም በገመድ ታስሬ በምንሳፈፍበት የጨርቅ ክንፍ ተነሳሁ። ከጠዋቱ 5 ሰዓት ግድም ነበር። ንፋሱ ከፊት ለፊቴ ነው፣ ለስላሳ ነው። ትንሽ እንደራቅሁ ግን የክንፉ ቀኝ ጎን ታጠፈና ወደ ገደሉ አዞረኝ። እንደምንም እታች ያለ የገብስ እርከን ላይ አረፍኩ። ክንፌ ተበላሽቶ ይሆን?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍክ። እኔ ከክንፉ ይልቅ የምጠረጥረው ንፋሱን ነው።

ያ አፋፍ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። በበጋ ንፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ፣ ከአፋር በኩል መጥቶ ገደሉን ሽቅብ ይወጣል። ለእኛ የሚመቸን እሱ ነው። በክረምት ደግሞ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል። መስከረምና ጥቅምት የርክክብ ጊዜ ናቸው፤ በአንድ ቀን ሁለቱም ሊመጡብህ ይችላሉ። የምዕራቡ ንፋስ ሜዳውን አቋርጦ አፋፉን ሲያልፍ፣ ወንዝ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ እንደሚሽከረከረው ገደሉ ሥር ይሽከረከራል። የገባኸው እዚያ ውስጥ ይመስለኛል።

«ታዲያ ፊቴ ላይ የነፈሰውስ?» ትለኝ ይሆናል። እኔም አንድ ጊዜ በዚሁ ተታልያለሁ። ገደሉን ፀሐይ የምትመታው ከማለዳ ጀምሮ ነው። 5 ሰዓት ሲሆን ቋጥኙ ግሏል፤ የሞቀው አየር ሽቅብ እየወጣ ፊትህን ይዳብስሃል። ዋናው ንፋስ ግን ከጀርባህ መጥቶ በአናትህ ላይ እያለፈ ነው።

ስለዚህ ክንፍህን ከመዘርጋትህ በፊት ግማሽ ሰዓት ቁጭ በል። የደመናውን ጥላ በዓይንህ ተከተል። ጥላው ከደብረ ብርሃን በኩል ወደ አንተ የሚመጣ ከሆነ ዕቃህን ጠቅልል። ከኋላህ የጎጆ ጭስ ካለ ወዴት እንደሚያዘነብል እይ። አንድ ዱላ ጫፍ ላይ ክር እሰርና አፋፉ ላይ ትከል። ክሩ ወደ አንተ ሲውለበለብ ቆይቶ ድንገት ዝም ካለ፣ ከዚያም ወደ ገደሉ ከዞረ፣ በዚያ ቀን አትነሳ። ከቆላው ነጭ ጉም ብጥስጥስ እያለ መውጣት ከጀመረም እንደዚሁ፤ ጣርማ በርን ጉም ሲሸፍነው ጊዜ አይሰጥም። ከሰዓት በኋላም ገደሉ ቶሎ ጥላ ውስጥ ስለሚገባ አየሩ ቁልቁል መውረድ ይጀምራል።

ከፍታውንም አስብ። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍህ 16 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። ስትነሳ ረዘም አድርገህ መሮጥ አለብህ፤ ስታርፍም በፍጥነት ነው።

ክንፉ ከታጠፈ መጀመሪያ አቅጣጫህን ያዝ። ክብደትህን ወዳልታጠፈው ጎን ጣል፤ የዚያኑ ጎን ብሬክ፣ ማለትም የክንፉን የኋላ ጠርዝ ወደ ታች የሚስበውን ገመድ፣ በስሱ ያዝ። አጥብቀህ ከሳብከው እሱም መንሳፈፉን ያቆማል። ከገደሉ ስትርቅ የታጠፈውን ጎን ብሬክ በረጅሙ ስበህ መልስ። መሬት ቀርቦ ክንፉ ካልታዘዘህ መጠባበቂያ ፓራሹትህን ወርውር፤ አታመንታ።

ክንፍህን ጥላ ሥር ዘርጋው። ስፌቱን በጣትህ ዳብስ፣ የቀኝና የግራ ገመዶችን ርዝመት አስተያይ። ገብሱ ላይ ስላረፍክ ገለባና አፈር ክንፉ ውስጥ ገብቶ ይሆናል፤ ገልብጠህ አራግፈው። የጠዋት ጤዛ ካረጠበው ሳይደርቅ አትጠቅልለው። የተላጠ ወይም የተጎተተ ገመድ ካገኘህ ባለሙያ ሳያየው አትብረርበት።