የቀድሞ ሥዕላዊ የልጆች መጻሕፍት ቀለም ከእትም እትም ለምን ይለያያል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የቢያትሪክስ ፖተር «ጥንቸሉ ፒተር» ሁለት እትሞች አሉኝ። በአሮጌው ኮቱ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው፤ በአዲሱ ግን ደምቋል። የሠዓሊዋ ቀለም የትኛው ነው?

መልስ፦ ሁለቱም የውኃ ቀለም ሥዕሏ ቅጂዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1901 በራሷ ወጪ ስታሳትመው የውስጥ ሥዕሎቹ ጥቁርና ነጭ ነበሩ፤ በቀለም የወጣው በ1902 ነው። ያን ጊዜ ሥዕሉ በቀለም ማጣሪያ ፎቶግራፍ እየተነሣ በሦስት ይከፈልና ቢጫው፣ ቀዩና ሰማያዊው ተራ በተራ ይታተሙ ነበር፤ ስለዚህ ጥላው ከሦስቱ ድርብርብ የወጣ ቡናማ ግራጫ ነው። ኋላ አሳታሚው ከዋናዎቹ ሥዕሎች አዲስ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ስላሠራ፣ አዲሱ ለሥዕሎቹ ይበልጥ ሊቀርብ ይችላል፤ አሮጌው ግን የዘመኑ አንባቢ ያየው ነው።

ጥያቄ፦ የደመቀ ቀለም የተሻለ ኅትመት ምልክት አይደለምን?

መልስ፦ አይደለም። ደራሲው ሉዊስ ካሮል «አሊስ በድንቅ ምድር» ከተባለው ታሪኩ በ1889 ለሕፃናት ያዘጋጀውን መጽሐፍ፣ በጆን ቴኒየል ሥዕሎች ታትሞ ሲያይ፣ ቀለሙ ከልክ በላይ ጮኸ በማለት 10,000 ቅጂ አልቀበልም ብሏል። መጽሐፉ በለዘበ ቀለም እንደገና ታትሞ የወጣው በ1890 ነው። አታሚው ኤድመንድ ኢቫንስ በዘመኑ በሙያው የተመሰገነ እንደነበር ሳስብ፣ የካሮል ጥብቅነት ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ የእንጨት ቅርጽ ኅትመትን (ሥዕሉ በእንጨት ላይ ተቀርጾ የሚታተመውን) ከፎቶግራፋዊው በምን ልለይ?

መልስ፦ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይመልከቱ። በእንጨት ቅርጽ የታተመው ላይ የመቅረጫው ጭረትና ወጥ ቀለም ይታያል፤ በፎቶግራፋዊው ላይ ግን በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ። ፕሌቶቹ በትክክል ካልተገጣጠሙ ደግሞ በጥንቸሉ ጆሮ ዳር ከመስመሩ ያመለጠ ቀጭን ቀይ ጠርዝ ያገኛሉ፤ ይህ የማተሚያው ስሕተት እንጂ የሠዓሊዋ አይደለም።

ጥያቄ፦ የእኔ ቅጂ ወደ ሰማያዊ አድልቷል።

መልስ፦ ብርሃን ብዙውን ጊዜ ቢጫውንና ቀዩን አስቀድሞ ያደበዝዛል። ሽፋኑ ብቻ ወደ ሰማያዊ ካደላ ጥፋቱ የፀሐይ ነው፤ ተዘግተው የኖሩት የውስጥ ገጾችም እንዲሁ ከሆኑ ግን ኅትመቱን ይጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ ቀለም መቀነሱ ታሪኩን ይጎዳል?

መልስ፦ አንዳንዴ በጣም። የ1900ው «የኦዝ ጠንቋይ» በጽሑፉ መካከል ያሉት ሥዕሎች ቀለም ታሪኩ እንደሚደርስበት አገር ይለወጣል፦ ካንሳስ ግራጫ፣ የማንችኪኖቹ አገር ሰማያዊ፣ የኤመራልድ ከተማ አረንጓዴ። ይህን በጥቁር ብቻ ያተመ እትም፣ ልጁ ከአገር ወደ አገር መሻገሩን በዓይኑ የሚያይበትን መንገድ አጥፍቶበታል።