የማይሞቀው «ከፍተኛ ሙቀት»

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ፊውዥን (የአቶም እምብርቶችን አዋሕዶ ኃይል ስለ ማመንጨት) የተጻፈ ነገር ለተማሪዎቼ ስተረጉም «ፕላዝማውን አፍኖ የሚይዘው የከፍተኛ ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር ማግኔት ተፈተነ» ብዬ ጻፍኩ። (ፕላዝማ እጅግ የጋለ ጋዝ፣ ሱፐርኮንዳክተር ደግሞ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ የሚያሳልፍ ቁስ ነው።) አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ እንዲህ ከሞቀ ማግኔቱ አይቀልጥም?» አለችኝ። የቱ ጋ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ መምህር፣ ልጅቷ ያነበበችው በትክክል ነው። ያሳሳታት ቃሉ ነው።

በአማርኛ «ሙቀት» ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። መሞቅን ይናገራል፤ ቴርሞሜትር የሚያሳየውን ቁጥርም፣ ከዜሮ በታች ቢሆን እንኳ፣ «ሙቀት» እንለዋለን። «ከፍተኛ» ሲጨመርበት ግን ይህ ሁለተኛው ትርጉም ይጠፋል። «ከፍተኛ ሙቀት» ያለ ሰው የሚያወራው ስለ ትኩሳት ወይም ስለ አፋር በረሃ ነው።

እርስዎ የሚያወሩለት ማግኔት ግን በረዶ የሚያስንቅ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው ያለው። ነሐሴ 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲና ኮመንዌልዝ ፊውዥን ሲስተምስ የተባለው ኩባንያ የፈተኑት ማግኔት 20 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ሲደርስ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነበር። ታዲያ «ከፍተኛ» ያሰኘው ምንድን ነው? በ1911 እ.ኤ.አ. ሱፐርኮንዳክተርነት መጀመሪያ የታየበት ሜርኩሪ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ድረስ መቀዝቀዝ ነበረበት። ከ1986 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከተገኙት ሱፐርኮንዳክተሮች አንዳንዶቹ በፈሳሽ ናይትሮጂን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 196 ላይ፣ ይሠራሉ። ከፍታው ከቀድሞዎቹ አንጻር ነው።

ይህን ለማስረዳት የእናንተው አገር አነጋገር ይበቃል። በታኅሣሥ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ካልጣለ፣ ሰው ጋቢውን እንደ ደረበ «ዛሬስ ሞቅ ብሏል» ይላል። ያን ጠዋት ከቆላማዋ ሸዋ ሮቢት ተነስቶ ጣርማ በርን የወጣ እንግዳ ጥርሱ ይንገጫገጫል። «ሞቅ ብሏል» ማለት «ከትናንቱ» ማለት ነው። «ከፍ ያለ»ም እንዲሁ «ከምን?» ያሰኛል። «ከፍተኛ» ይህን ጥያቄ ይዘጋል። ስለዚህ «ከቀድሞዎቹ ከፍ ባለ የሙቀት መጠን የሚሠራ» ይበሉ። ለክፍል ግን እኔ «ቀለል ባለ ቅዝቃዜ የሚሠራ» የሚለውን እመርጣለሁ። «ከፍተኛ ሙቀት»ን ለፕላዝማው ይተዉለት፤ እሱ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበትና ይገባዋል።

በዚያው፣ ማግኔቱ የተጠቀለለበትን «ቴፕ» «ጥብጣብ» ቢሉት ደስ ይለኛል። ስስና ጠፍጣፋ ነው፤ ልጆቹ በዓይናቸው ያዩታል። እዚያ ማግኔት ላይ የገባው ጥብጣብ 267 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ማለት ይቻላል።

«ክዌንች» (quench) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ግን መዝገበ ቃላት ከፍተው «ጥም ማርካት» ብለው እንዳይተረጉሙት። ጥብጣቡ አንድ ቦታ ላይ ሲሞቅ ሱፐርኮንዳክተርነቱን ድንገት ያጣል፤ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክም ጥብጣቡን ያግለዋል። «ድንገተኛ ግለት» ቢሉት ይገባቸዋል። በኋላ በተደረገ ፍተሻ የዚያ ማግኔት ኃይል ሆን ተብሎ ሲቋረጥ ጥቂት ክፍሉ ቀልጧል። ይህንንም ለተማሪዎ ይንገሩልኝ፤ «አይቀልጥም?» ላለችው መልሱ እዚህ ጋ ነው።