ባሌ እምቢ ካለ ብቻዬን ልሂድ?

«የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ትዳር ከያዝኩ 8 ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን። የባለቤቴ ሥራ ከተቀዛቀዘ ወዲህ ቤታችን ጭር ብሏል። ሲገባ ሰላም ይለኛል፣ ከዚያ ስልኩ ላይ ነው። ልናገረው ስል ተነስቶ ይወጣል። ሲያኮርፍ ሳምንት ያልፋል። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ አስታረቁን፤ ብዙም አልቆየ። እኔ እንቅልፍ የለኝም፣ ምግብ አላሰኝ ብሎኛል፣ ልጆቼ ላይ እጮሃለሁ። አማካሪ ጋ እንሂድ ስለው ‹አበድኩ እንዴ? ለወሬ ብር ይከፈላል?› አለኝ። ብቻዬን ብሄድ የሚለወጥ ነገር አለ?»
ሕ.፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህቴ፣

አዎ፣ አለ። እሱን ሳትጠብቂ ሂጂ።

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ችግር ነው ያየሁት። አንዱ የትዳራችሁ ነው። ሌላው ያንቺው ጤና ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ አለማሰኘትና ቶሎ መቆጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ በዚያ ላይ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላሽ፣ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ሊሆን ይችላል። ድባቴ ደግሞ በሕክምና የሚሻል ሕመም ነው። «እሱ ሲስተካከል እኔም ይሻለኛል» ብለሽ አታቆዪው። የደም ማነስና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ችግርም ተመሳሳይ ስሜት ስለሚያመጡ የደም ምርመራም አድርጊ።

ባለቤትሽ ያነሳው የወሬ ነገር ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው፤ መልስም ይገባዋል። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የሰፈር አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡ። አያቶቹ የተጨነቀውን ሰው ያዳምጣሉ። ከችግሮቹ መካከል አንዱን እንዲመርጥ ይረዱታል፣ ለእሱ የሚሞከር ነገር አብረው ያወጣሉ፣ ተመልሶ ሲመጣ ምን እንደሆነ ያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከስድስት ወር በኋላ የእነዚህ ሰዎች የድባቴ ምልክት የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት በጣም ያነሰ ነበር። ቴራፒ፣ ማለትም ከአማካሪ ጋር የሚደረገው ሕክምና፣ ንግግር ነው፤ ግን መንገድ ያለው ንግግር ነው።

ባንቺ ቤት ምን እንደሚመስል ላሳይሽ። ማታ ይገባል። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን ያወጣል። አንቺ ወጥ ቤት ሆነሽ ታይዋለሽ። «ሰልችቼዋለሁ» የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል። ከዚያ «ዛሬም አፍህ ተዘጋ?» ትያለሽ። ተነስቶ ይወጣል። አንቺም «ይኸው፣ አላልኩም?» ትያለሽ። እሱ ደግሞ በሩ ላይ ሆኖ «ይህቺ ሴት ምንም ባደርግ አትረካም» ይል ይሆናል። አንቺ በተጠጋሽ ቁጥር እሱ ይሸሻል፤ እሱ በሸሸ ቁጥር አንቺ ትጠጊያለሽ። አማካሪው ይህንን የሁለት ደቂቃ ነገር ቀስ ብሎ ይፈታዋል። ሐሳቡ ከየት መጣ? ሌላ ምን ሊሆን ይችል ነበር? ስትናገሪ የፈለግሽው ምን ነበር? «ማታ ማታ ብቸኝነት ይሰማኛል፤ እራት ላይ ትንሽ እናውራ» ማለት ከሆነ የፈለግሽው፣ ያንኑ በቀጥታ ማለትን ትለማመጃለሽ። ከዚህ አዙሪት ውስጥ አንድ ሰው ቦታውን ከቀየረ ሌላው እንደ ድሮው መቀጠል ይከብደዋል። ብቻሽን መሄድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ስለ ዝምታውም አንድ ነገር ልበልሽ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን ባለትዳሮች ሲጨቃጨቁ የልብ ምታቸውን እየለካ ለዓመታት አጥንቷል። ዝም የሚለው ሰው ከውጭ ሲታይ ግድ የሌለው ይመስላል፤ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ልቡ እየደለቀ ነው። በዚያ ሰዓት ማውራት አይችልም። ቢያንስ 20 ደቂቃ እረፍት ወስዶ ተመልሶ ማውራት ይሻለዋል። «ልረጋጋ፣ ከእራት በኋላ እናውራ» ብሎ መውጣት ደህና ነው። ሳምንት ማኩረፍ ግን ሰው ይጎዳል፤ አንቺንም እየጎዳሽ ነው።

ሽማግሌዎቻችሁን አመስግኚ። እነሱ ይቅር አባብለው ጠቡን ያበርዳሉ፤ የማታውን ነገር ግን ተቀምጠው አያዩትም። ቴራፒ በሳምንት አንዴ፣ ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ነው፤ ለተወሰኑ ወራት ይቀጥላል። አማካሪው ማን ጥፋተኛ እንደሆነ አይፈርድም። «ፍቺው» ወይም «ቻዪው» ቢልሽ ሌላ ሰው ፈልጊ። ጸበልሽንም ጸሎትሽንም አትተዪ፤ አይጋጩም።

ባለቤትሽን አትጎትቺው። «አማኑኤል ይግባ» እንደ ስድብ ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው «ታከም» ማለት ይከብዳል። ሥራው የተቀዛቀዘበት ወንድ ራሱም ድባቴ ውስጥ ሊሆን ይችላል። «አንተ አስቸገርከኝ» ሳይሆን «እንቅልፍ ስላጣሁ ልታከም ነው» በዪው። «ታከም» ሲባል እምቢ ያለ ባል «ሚስትህን አግዛት» ሲባል የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቴራፒ ሥራውን አያሟሟቅለትም፤ ትዳሩ እንደሚተርፍም ቃል አልገባልሽም። ደግሞ ከኩርፊያው ጀርባ ዱላ ወይም ማስፈራራት ካለ፣ አብራችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት ለአማካሪው ለብቻሽ ንገሪ። መኖር የሚያስጠላሽ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ከምታምኚው ሰው ጋር ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

አዲስ አበባ ስለሆንሽ፣ ከአማኑኤል ሌላ ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስና ዘውዲቱ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ወደ ግል አማካሪ ከሄድሽ ትምህርቱ ምን እንደሆነና ዋጋውን በስልክ ጠይቂ፤ ነውር የለውም። እስከዚያ ስንት ሰዓት እንደተኛሽና ምን ላይ እንደጮኽሽ በየቀኑ በአንድ መስመር ጻፊ። ስትሄጂ ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ፤ የመጀመሪያው ቀን «ከየት ልጀምር?» እያልሽ አትጨነቂም።