ያ ስዊች ወደ መሃል ሲመለስ

ሰሞኑን አንዲት ልጅ፣ እዚህ አሜሪካ አንድ ኒውክሌር ጣቢያ ከተቀጠረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፣ "ጋሼ፣ የሴፍቲ ፓምፕ ስዊች ልንቀይር ነው፣ የድሮው ሞዴል መመረት አቁሟል፣ አዲሱ ምትኩ ነው ተብሏል፣ ከቀየርን በኋላ ምን ምን ቴስት ላድርግ?" ብላ ጻፈችልኝ። በሁለት መስመር ልመልስላት ጀመርኩና አልሆነልኝም፣ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። እንደሷ ላላችሁ ልጆች ሁሉ ይድረሳችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የሆነው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ በፈረንጆቹ። ከአምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወጥቼ፣ እዚህ ማስተርሴን ይዤ፣ ማን እንደኔ የምልበት ጊዜ ነበር። ጣቢያው ነዳጅ ለመቀየር ቆሟል፣ አውቴጅ የምንለው፣ በዛ ሰሞን እያንዳንዷ ቀን ብዙ ገንዘብ ስለሆነች አለቆች በየሰአቱ "አለቀ ወይ?" ይላሉ። የኔ ስራ የአንድ ፓምፕ ስዊች ማስቀየር ነበር። ፓምፑ ዋናው ውሃ ሲቋረጥ ለስቲም ጄኔሬተሮቹ፣ በሪአክተሩ ሙቀት ውሃ ወደ እንፋሎት ለሚቀይሩት ጋኖች፣ ውሃ የሚልክ ነው፣ እነሱ ከደረቁ ደሞ የሪአክተሩን ሙቀት መውሰድ ጭንቅ ነው። ለዛ ነው አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲሰራ ትሬን ኤ እና ትሬን ቢ ተብሎ ሁለት የተደረገው። እኔ የቀየርኩት የቢን ነው።

ስዊቹ ግራው ስቶፕ፣ ቀኙ ስታርት፣ ስትለቁት በስፕሪንግ ወደ መሃል ይመለሳል። ማንም ሳይነካው ሲግናል ሲመጣ ፓምፑን የሚያስነሳው መስመር፣ አውቶ የምንለው፣ በዚሁ ስዊች አንድ ኮንታክት፣ ሲገናኝ ኤሌክትሪክ በሚያሳልፍ ነጥብ፣ በኩል ያልፋል። የድሮው ኮንታክት መሃል ላይ ሁሌም ይገናኛል። አዲሱ ግን መሃል ላይ የሚገናኘው ከስታርት ሲመለስ ብቻ ነው፣ ከስቶፕ ሲመለስ ክፍት ይቀራል። ከፊት ስታዩዋቸው እጀታቸው ሳይቀር አንድ ነው።

ቦርዱ ጀርባ አንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን ነበር፣ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ ብሎን የሚያጠብቅ። ሜትሩን ኮንታክቱ ላይ አድርጎ ስዊቹን አዟዟረና "ይሄ ከስቶፕ ሲመለስ አይጮህም፣ የድሮው ይጮህ ነበር መሰለኝ" አለኝ። ድሮዊንጉን ዘረጋሁለት፣ "ምትኩ ነው ይላል፣ ተፈርሞበታል" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ ምንም አላለም፣ ተመልሶ ብሎኑን አጠበቀ።

ቴስት አደረግን። ስታርት፣ ተነሳ። ስቶፕ፣ ቆመ። ቀዩም አረንጓዴውም መብራት ልክ ነው። የአውቶውን መስመር "እሱን አልነካነውም" ብዬ ከቴስቱ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሪአክተሩ ወደ ስራ ተመለሰ፣ ከ19 ቀን በኋላ በመደበኛ ቴስት ሲግናሉን ሲሰጡት ኤ ተነሳ፣ ቢ ዝም።

ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን፣ ግን 19 ቀን ሙሉ ኮንትሮል ሩም ያሉት ሰዎች ሁለት ፓምፕ አለን ብለው የተማመኑበት ነገር አንድ ነበር፣ ያውም በኔ ፊርማ። ሽማግሌውን ይቅርታ ልለው ስሄድ ኮንትራቱ አልቆ ሌላ ስቴት ሄዷል አሉኝ። አድራሻውን እንኳን አልጠየቅኩም፣ አፍሬ ነው።

የሚያንገበግበኝ፣ ፔንሲልቬንያ ያለውን የስሪ ማይል አይላንድ ኒውክሌር ጣቢያ አደጋ ታሪክ ያኔም በደንብ አውቀው ነበር። ማርች 28 ቀን 1979 ግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ፣ ቦርዱ ላይ ያለው መብራት ግን ጠፋ፣ ምክንያቱም መብራቱ የሚናገረው ቫልቩን የሚያዘው ሶሌኖይድ (የኤሌክትሪክ ማግኔት) ኤሌክትሪክ መቋረጡን እንጂ የቫልቩን መዘጋት አልነበረም። ከ2 ሰአት በላይ በዛ በኩል ውሃ ሲወጣ ኦፕሬተሮቹ ውሃው ሞልቷል ብለው የድንገተኛውን ውሃ ቀነሱት፣ ከኮሩ፣ ነዳጁ ካለበት የሪአክተሩ እምብርት፣ ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። ይሄን ለፈተና አጥንቻለሁ። የኔ አረንጓዴ መብራትም ብሬከሩ (የፓምፑን ኤሌክትሪክ የሚቆርጠውና የሚቀጥለው) ክፍት ነው፣ ማለትም ፓምፑ ቆሟል፣ ከማለት በቀር ፓምፑ ሲጠራ ስለመምጣቱ ምንም እንደማይናገር ግን አልታየኝም። በ1996 ተቆጣጣሪው ኤንአርሲ ለጣቢያዎቹ በሙሉ የሴፍቲ ሎጂክ ድሮዊንጋችሁን ከቴስት ፕሮሲጀራችሁ ጋር አመሳክሩ፣ ሳይፈተሽ የሚታለፍ ነገር እንዳይኖር የሚል ደብዳቤ ሲጽፍ፣ በር ዘግቼ ነው ያነበብኩት።

ጣቢያው ላይ ለውጥ ሲደረግ የኤንአርሲ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ስለሚታይበት የ50.59 ግምገማና ስለ ድሮዊንግ ሪቪዥን አልጽፍላችሁም፣ እሱን መስሪያ ቤታችሁ ያስተምራችኋል። የዛሬ ልጆች ስክሪን ላይ ትበዛላችሁ፣ ሰርኪቱን ሶፍትዌር ላይ እያያችሁ ቦርድ ጀርባ ሳትገቡ ትፈርማላችሁ፣ ይሄ ያስፈራኛል። ወረቀት አትመኑ። ግን እኔም ካታሎጉን ገልጬ የኮንታክቱን ሠንጠረዥ ባየው ኖሮ በአምስት ደቂቃ አገኘው ነበር፣ እሱም ወረቀት ነው። ደሞ እናንተ ትጠይቃላችሁ፣ እኔ በናንተ እድሜ መጠየቅ አላዋቂነት ይመስለኝ ነበር።

አንቺ ልጄ፣ ድሮዊንጉን ለኔ እንዳትልኪ፣ አይፈቀድም። የሁለቱን ስዊች ሠንጠረዥ ፕሪንት አድርገሽ ጎን ለጎን አስቀምጪ፣ ከስታርት ሲመለስና ከስቶፕ ሲመለስ ያለውን ለየብቻ እዪ። የአውቶውን ሲግናል በእጅ ካቆምሽው በኋላ ስጪው፣ የኔ ፓምፕ ያልተነሳው እዛ ላይ ነው። ሽቦውን የሚያስረው ሰውዬ "መሰለኝ" ካለሽ ደሞ ስራውን አስቁሚና ሜትሩን አንቺ እያየሽ እንደገና እንዲያደርገው ለምኚው።