መልስ፦ ባህልና ንግግር የአገርን የውጭ ፖሊሲ ያብራራሉ ወይ?

እህቴ፣ ከአዳማ ሆነሽ «የሕዝብ ባህልና የመሪዎች ንግግር የውጭ ፖሊሲን ለማብራራት ይበቃሉ ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ አይበቁም እላለሁ። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የሆነውን ተመልከቺ። ኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የአሜሪካ ወዳጅ ነበረች፤ ሶማሊያ ደግሞ የሶቪየት ኅብረት። በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለቱ አገሮች ወዳጅ ተለዋወጡ። የማንኛቸውም ባህል በዚያ ፍጥነት አልተለወጠም። ደርግ ሶሻሊዝምን ቀድሞ በ1967 ዓ.ም. አውጆ ነበር የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ግን የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬም ሶሻሊስት ነኝ ይሉ ነበር፤ ይህ በኅዳር 1970 ዓ.ም. የሶቪየት አማካሪዎችን ከማባረር አላገዳቸውም።

ንግግር ጉልበት የሚያገኘው ሌላ ቦታ ነው፤ መውጫ በር ሲዘጋ። የእኛ የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ ወደ ዓባይ አይፈስም። ሆኖም የሐዋሳ ሠራተኛ ከደመወዙ ቆርጦ የሕዳሴ ግድብ ቦንድ ገዝቷል። መጋቢት 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ በኋላ «በራሳችን ገንዘብ» የሚለው አነጋገር እንዲህ ሥር ሲሰድ፣ የትኛውም መንግሥት ግድቡን አቆማለሁ ሊል አይችልም ነበር። ግብፅም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ1959 ከሱዳን ጋር በተፈራረመችው ውል ያገኘችውን በዓመት 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የዓባይ ውሃ «ታሪካዊ መብት» ብላ ለሕዝቧ ስትነግር ስለኖረች፣ መሪዎቿ ጥቂት እንኳ ማላላት ይከብዳቸዋል።

ስለዚህ በጥናትሽ ንግግሩ ፖሊሲውን ወለደው ከማለት ይልቅ የትኛውን አማራጭ እንደዘጋ መርምሪ። «ባህል» የሚለውን ግን ብትተዪው ይሻላል፤ ከመስፋቱ የተነሣ ያልሆነውንም ነገር ያብራራል።