ወሬውን አትግዙ

ከሁለት ወር በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ልጅ ቤቴ ድረስ መጣ። ከመገናኛ አያት፣ ከአያት ለገጣፎ፣ ታክሲ እየቀያየረ። ቡናው ሳይቀርብ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ጥንድ ጄቢኤል ኤል 100 ስፒከር፣ ብርቱካናማ የፊት ሽፋን ያለው።

«ጋሼ፣ ከቃኘው የወጣ ነው» አለኝ። ሰው እንዳይሰማበት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሳቄ መጣ። በሥራ ዘመኔ «ከቃኘው የወጣ» የተባለልኝን ዕቃ ሁሉ ብደምረው፣ አስመራ የነበረው የአሜሪካኖቹ ጣቢያ የጦር ሰፈር ሳይሆን የስፒከር መጋዘን ነበር ማለት ነው። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1977 ተዘግቷል። ወሬው ግን እስከ ዛሬ ዕቃ ያወጣል።

ሻጩ ቀብድ ጠይቆታል። እስከ ማታ ካልላክ ሌላ ሰው ይወስደዋል ተብሏል። ልጁም ሊልክ ነው።

«ሽፋኑን አንስተህ ኮኑን፣ ያንን ድምፅ የሚያወጣውን ወረቀት፣ አይተሃል?»

«አላየሁም ጋሼ። በፎቶ ነው ያየሁት።»

«በል ቡናህን ጠጣና እንሂድ» አልኩት። ካቻቢቴና ቴስተሬን ጃኬቴ ኪስ ከተትኩ። እዚያ የገጠመንን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ የድምፅ ቴክኒሻን ነበርኩ። በስቱዲዮም፣ በአዳራሽም፣ በሠርግ ድንኳንም ሠርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የድሮ ስፒከር የሚወዱ ልጆች ይደውሉልኛል። አንዳንዶቹ እሑድ እሑድ ይመጣሉ። ደስ ይለኛል። ሸክላ መሰብሰብ የጀመረ ልጅ ውሎ አድሮ ወደ ስፒከር መምጣቱ አይቀርም። አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸውን ሸክላዎች በላፕቶፕ ስፒከር መስማት ዶሮ ወጥን ከፌስታል እንደ መብላት ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ወጣት ሳለሁ፣ ተበድሬ፣ አንድ ሰው ከአሜሪካ ያመጣውን ጥንድ አድቬንት ገዛሁ። አድቬንትን የሠራው ሄንሪ ክሎስ ነው። ከዚያ በፊት አኮስቲክ ሪሰርችንና ኬኤልኤችን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ነበር። ስሙን ስሰማ ሌላ ነገር አልጠየቅኩም። ዓመት ሳይሞላ የዎፈሩን (ባስ የሚያወጣውን ትልቁን ክብ) ዳር በጣቴ ነካ ባደርገው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። በኮኑና በብረቱ መሀል ያለው ያ ለስላሳ ቀለበት ስፖንጅ ነው። አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ሲሆነው እርጥበቱና ብርሃኑ ይጨርሱታል። ብትጫወቱበትም ባትጫወቱበትም ያልቃል።

እኔ ግን ባለሙያ ነኝ ባይ ነበርኩ። ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ስስ የበግ ቆዳ አስቆረጥኩና በማስቲሽ ለጠፍኩት። ሲያዩት ያምራል። ሙዚቃ ስከፍት ባሱ የለም። ከበሮው የካርቶን ድምፅ ሆነ።

ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቶ ነው። ኤድጋር ቪልቹር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ባመጣው አሠራር፣ ሳጥኑ አየር እንዳያስወጣ ተደርጎ ይዘጋል። ኮኑን ወደ ቦታው የሚመልሰው በዋናነት የታፈነው አየር ነው፤ እንደ ሞላ ይሠራል። ስለዚህ የኮኑ ዳር በጣም ልል መሆን አለበት። አድቬንትም የዚያው ቤተሰብ ነው። የእኔ ቆዳ ኮኑን ጠፍሮ አሰረው። ልነቅለው ስታገል ደግሞ ወረቀቱ ተቀደደ። የአንድ ዓመት ዕዳ ቁጭ ብዬ ከፈልኩ፤ ስፒከር ግን አልነበረኝም።

ዛሬ ትክክለኛው ስፖንጅ በልክ ታዝዞ ይመጣል፤ ሥራውም የግማሽ ቀን ነው። እንግዲህ የተበላ ስፖንጅ ስታዩ አትሽሹ፤ ዋጋ አስቀንሱበት። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ሰው የሞከረበት ስፒከር ነው የሚያስፈራው። እንደ እኔ ያለ ሰው።

አሁን ሁላችሁም ወደምትጠይቁኝ ወደ ብርቅዬዎቹ ልምጣ።

ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለስርጭት መኪኖቹ ብሎ ያሠራት ትንሿ ኤልኤስ 3/5ኤ አለች። ሳጥኗ አምስት ሊትር ገደማ ብትይዝ ነው። የጋዜጠኛው ድምፅ በትክክል መውጣቱን ለመስማት ጠባብ መኪና ውስጥ የምትቀመጥ ዕቃ ነበረች። ሮጀርስ፣ ስፔንዶር፣ ሀርበዝ እና ሌሎችም በፈቃድ አምርተዋታል። እ.ኤ.አ. እስከ 1987 ገደማ የተሠራችው 15 ኦም (ኦም ለኤሌክትሪክ ያላት ተቃውሞ መለኪያ ነው) ናት፤ ከዚያ ወዲህ ያለችው 11 ኦም። ሰብሳቢ 15ቷን ያሳድዳል፤ ዋጋዋም በሺህ ዶላር ይቆጠራል። ጥንዶቹ ፋብሪካ ውስጥ አብረው የተመረጡ ስለሆኑ የሁለቱን መለያ ቁጥር አስተያዩ። የሰው ድምፅ ሲወጣባት ነፍስ ናት። ለሠርግ ካሰባችኋት ግን እስክስታው ሳይጀመር ታርፋለች።

ታኖይ የሚባለው አምራች ደግሞ ትዊተሩን፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን፣ በዎፈሩ እምብርት የሚያስቀምጥበትን አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ይዞ ቆይቷል። ጥቁር፣ ሲልቨር፣ ቀይ፣ ጎልድ እየተባለ በዘመኑ ይጠራል፤ ጎልዱ እ.ኤ.አ. በ1967 የመጣው ነው። ሻጭ «ጎልድ ነው» ካላችሁ ዎፈሩን አስወጡና ጀርባውን እዩ። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈ ስም ምስክር አይሆንም፤ ሳጥንማ አናጢም ይሠራዋል።

«አልኒኮ ማግኔት ነው» የሚባል ነገርም ትሰማላችሁ። አሉሚኒየም፣ ኒኬልና ኮባልት ማለት ነው። ኮባልቱ በብዛት የሚመጣው ከዛየር፣ ከዛሬዋ ኮንጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ሻባ በሚባለው ክፍለ ሀገሯ ጦርነት ሲነሳ ዋጋው ጣሪያ ነካ። ብዙዎቹ አምራቾችም ኮባልት ወደሌለው ፌራይት ማግኔት ዞሩ። ማለትም ለውጡን ያመጣው የኮባልት ገበያ ነው፤ የአድማጭ ጆሮ አይደለም። በፌራይት የተሠራ ስለሆነ ብቻ አትናቁት። እኔ በግሌ ለአልኒኮ ተብሎ እጥፍ ሲጠየቅ ካየሁ ኮፍያዬን አንስቼ እወጣለሁ።

ያማሃ ኤንኤስ 1000 ካጋጠማችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ሁለቱ ትንንሽ ጉልላቶች ቤሪሊየም ከሚባል ብረት የተሠሩ ናቸው። ተሰብረው ካገኛችኋቸው በጣት አትንኩ፤ ብናኙ ለሳንባ መርዝ ነው።

ኳድ ላይ ግን ቆም ልበል፤ ሊገዙ ሲሉ ያስቆምኳቸው ልጆች አሉና። ኳድ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር ኮን የለውም። ድምፁን የሚያወጣው በሁለት የተበሳሱ ሰሌዳዎች መሀል የተወጠረ እጅግ ስስ ፕላስቲክ ነው። ለባሱ ክፍል ብቻ 6,000 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ከአምፕሊፋየሩ ሌላ እሱ ራሱም ሶኬት ላይ ይሰካል። አንድ አገር ለቆ የሚሄድ የውጭ ሰው ሲሸጥ ከአንድ ልጅ ጋር ሄድን። ዘፈን አስከፈትን። እውነቱን ለመናገር ዘፋኟ እዚያው ክፍል የቆመች ነበር የሚመስለው። ልጁ እጁን ኪሱ ከተተ፤ ገንዘብ ሊያወጣ ነው። «መብራቱን አጥፉልኝ» አልኩ። ጨለማ ውስጥ ጸጥ ስንል «ጥስ… ጥስ» የሚል ይሰማል፤ ከሽፋኑ ጀርባም ሰማያዊ ብልጭታ ይዘላል።

ይኼ ነገር የትም አገር ያጋጥማል። እዚህ ግን ይብሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ገደማ ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ደግሞ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል። ያ ፕላስቲክ አንዴ ከተበሳ የሚያድሰው ሰው ያለው ባሕር ማዶ ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ እንኳ ውስጡ የተጠራቀመው ኃይል ይቆያል፤ ለማየት ብላችሁ እንዳትከፍቱት። ልጁ ሳይገዛ ወጣ። ለሳምንት አኩርፎኛል።

ዕቃው ከየት ይገኛል? ከኤምባሲና ከድርጅት ጨረታ፣ ከምናለሽ ተራ፣ ከቁራሌው። ቁራሌው ስፒከር ሲገዛ የሚታየው የማግኔቱ ክብደት ነው። አንድ ጊዜ አንዱን ለገጣፎ ገበያ ዳር አስቁሜ ማዳበሪያውን ሳስፈታ ከድስት ክዳን መሀል የፊሊፕስ ዎፈር አገኘሁ፤ ኮኑ በቡጢ ተበስቷል። አሁን አሁን ደግሞ የድሮ ሰፈር ሲነሳ ከአልጋ ሥር፣ ከቆጥ ላይ የማይወጣ ነገር የለም። ሬዲዮግራሙን ልጆቹ አያውቁትም፤ አባትየው የሉም። እንዲህ ያለ ቤት ስትሄዱ ዋጋውን ዝቅ አድርጋችሁ አትዋሹ። እናትየው ቆመው እያዩ ነው።

ስትፈትሹ ቀስ በሉ። ሽፋኑን አንሱ። ብሎኑን እዩ፤ ጥርሱ ከተበላ ወይም ካብለጨለጨ ከእናንተ በፊት የከፈተው አለ። ሁለቱን ኮኖች አስተያዩ፤ ቀለማቸው፣ መሀሉ ላይ ያለው ቆብ፣ ሙጫው። አምስት ጣቶቻችሁን ዙሪያውን አሰራጭታችሁ ኮኑን በቀስታ ወደ ውስጥ ግፉት። ከተፋተገና «ክርር» ካለ ኮይሉ (ከኮኑ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል) ተቃጥሏል ወይም ማግኔቱ ቦታውን ለቋል። ቴስተር ካላችሁ ባለ 8 ኦም ዎፈር ከ5 እስከ 7 ኦም ያነባል። ምንም ካላነበበ በድን ነው። ትዊተሩን ለብቻው ጆሮ አስጠግታችሁ ስሙ፤ የሞተ ትዊተር ባስ ሲደልቅ አይታወቅም። ሳጥኑ ቺፑድ ከሆነ ግርጌውን ዳብሱ፤ ክረምት ወለል ላይ የከረመ ያብጣል። አሽትቱትም። የአይጥ ሽታ አይደበቅም፤ የአየር ቀዳዳ ያለው ሳጥን ለአይጥ ቪላ ነው።

ድምፁን ለዎፈሩና ለትዊተሩ ለማከፋፈል ውስጥ ያለው ኮንደንሰር ሲያረጅ ይደርቃል፤ ድምፁም ይደበዝዛል። መቀየሩ ርካሽ ነው። አሮጌውን ግን አትጣሉት፤ በፌስታል አድርጋችሁ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡት፤ ነገ የሚገዛችሁ ሰብሳቢ ይጠይቃችኋል።

በባጃጅ አትጫኑት። አኮስቲክ ሪሰርች 3ኤ አንዱ ብቻ 24 ኪሎ ነው፤ የእኛን ኮረኮንች ታውቁታላችሁ፤ በሙጫ የተያዘ ማግኔት በአንድ ንጠት ይንሸራተታል። ከአሜሪካ የመጣ አምፕሊፋየር ደግሞ የ120 ቮልት ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰኩት። መብራት ሲሄድም ተነስታችሁ አጥፉት። ሲመለስ የሚወጣው «ጓ» ትዊተር ይበላል።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ሻጩ አያት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ትሑት ሰው። ሙዚቃ ከፈተልን። ይጮኻል፤ ባስ ግን የለም። ሻጩ ክፍሉን አማረረ። ብርቱካናማውን ሽፋን አነሳሁ። የኤል 100 ዎፈር ኮን ነጭ ነው። አንደኛው ነጭ ነው። ሁለተኛው ጥቁር።

ከኪሴ የባትሪ ድንጋይ አወጣሁ። ባለ 1.5 ቮልቷን። አዎንታዊውን ከቀዩ ጋር ሳነካካ ነጩ ኮን ወደ ውስጥ ገባ። ልጁ ደነገጠ። የዚያ ዘመን ጄቢኤል እንዲህ ነው፤ ከሌሎቹ በተቃራኒ ይሄዳል፤ ብልሽት አይደለም። ጥቁሩን ሳነካ ወደ ውጭ ወጣ። አንዱ ሲስብ ሌላው ይገፋል፤ አንዱ የሌላውን ባስ እያጠፋ ነበር። ሽቦውን አገላብጬ መለስኩትና ሙዚቃው ቢከፈት ቤቱ ሞላ። ሻጩ ራሱ አፉን ያዘ። እሱም ሲገዛ «ከቃኘው» ተብሎ ነው የገዛው።

ልጁ የዚያን ዕለት አልገዛም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሻጩ ደወለ፤ ከግማሽ በታች ወርዷል። ተገዛ። አሁን ባለ ጥቁር ኮኑ ሳጥን ዎፈሩ ወጥቶ ኮሪደሬ ውስጥ ተቀምጧል፤ ባለቤቴ ጃንጥላ ማስቀመጫ አድርጋዋለች። ነጭ ኮን እየፈለግን ነው። እስኪገኝ እሑድ እሑድ በአንዱ ብቻ እንሰማለን። የልጁ ሸክላዎች አብዛኞቹ ሞኖ፣ ማለትም አንድ ስፒከር የሚበቃቸው፣ ስለሆኑ እስካሁን ቅር ያለው የለም።