ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «መጋዘን ውስጥ የሰጡን ስክሪን ያለው መነጽር ዓይኔን ያጠፋዋል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው አሜሪካ፣ ኦሃዮ ኮሎምበስ ነው፤ ዕድሜዬ 44 ነው። ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ለቃሚ ሆኜ ስሠራ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ከአራት ወር በፊት የእጅ ስካነሩን ወስደው ስክሪን ያለው መነጽር ሰጡን። የመደርደሪያውን ቁጥርና የዕቃውን ብዛት ቀኝ ዓይኔ ፊት ያሳየኛል። ሥራው ፈጥኗል፤ ግን ሺፍቴ ሊያልቅ ሲል ዓይኔን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል፣ ግንባሬን ይወጋኛል፣ ወደ ቤት ስነዳ የመንገድ ምልክቱ ብዥ ይልብኛል። የሥራ ጓደኞቼ «ጨረሩ ዓይንሽን ያጠፋዋል» ይሉኛል። ባለቤቴ ሰማያዊ ብርሃን የሚከለክል መነጽር ገዝቶልኛል፤ ደርቤ አላደርገው ነገር! እናቴ ደግሞ በልጅነቴ አገር ቤት የዓይን ማዝ ይዞኝ እንደነበር ትነግረኛለች። ሥራውን ልተወው?

መልስ፦ ሥራዎን ለመተው የሚያበቃ ነገር በደብዳቤዎ ውስጥ አላየሁም። የዓይን ሐኪም ዘንድ ለመቅረብ ግን ከበቂ በላይ ምክንያት አለዎት፤ ዋናውን ደግሞ እንደ ዋዛ መጨረሻ ላይ ጣል አድርገውታል። ወደሱ እመለሳለሁ።

በቅድሚያ ከጨረሩ እንገላገል። ስክሪኑ የሚያወጣው ተራ ብርሃን ነው፤ ቀትር ላይ ደጅ ሲወጡ ዓይንዎ ውስጥ ከሚገባው ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። ከስክሪን የሚወጣ ሰማያዊ ብርሃን ዓይንን እንደሚጎዳ የሚያሳይ ማስረጃ እንደሌለ የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ ደጋግሞ ተናግሯል። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ግምገማም ይህን ብርሃን የሚያጣሩ መነጽሮች የዓይን ድካምን ከተራው መነጽር አብልጠው የሚቀንሱ እንደማይመስል ነው የደመደመው። ባለቤትዎ አስቦ የገዛልዎትን ማጣጣል አልወድም፤ ደረሰኙ ካለ ግን ይመልሰው።

ታዲያ የሚቆረቁርዎት ምንድን ነው? በአብዛኛው ድርቀት ነው። ሰው ዘና ባለበት ሰዓት በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። ትኩር ብሎ ሲያነብ ግን ይህ ወደ ግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ሌላም ነገር አለ። የእጅ ስካነሩን ሲያዩ አንገትዎን ደፋ ያደርጉ ነበር፤ ወደ ታች ሲያዩ ደግሞ የላይኛው የዓይን ቆብ ዓይኑን በከፊል ስለሚሸፍነው እንባው ቶሎ አይተንም። አዲሱ ስክሪን ከዓይንዎ ትይዩ ወይም ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ዓይንዎ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ይውላል። በዚያ ላይ የመጋዘኑን ትላልቅ ማራገቢያዎችና ከካርቶን የሚነሣውን አቧራ ይጨምሩበት።

አሁን ወደ እናትዎ ወሬ እንመለስ። የዓይን ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ፣ በዓለም ላይ ከማንም በላይ የከበደው በእኛ አገር ላይ ነው። በልጅነት ተደጋግሞ የያዘው ሰው ሕመሙ ከለቀቀው ከብዙ ዓመት በኋላም የላይኛው የዓይን ቆቡ ከውስጥ በኩል ጠባሳ ይዞ ሊቀር ይችላል። እንባ ዓይን ላይ ተለጥፎ እንዲቆይ የሚያደርገውን ዝልግልግ ፈሳሽ የሚሠሩት ሕዋሳት ያሉት እዚያው አካባቢ ስለሆነ፣ ጠባሳው ሲጎዳቸው ዓይን ይደርቃል። ጠባሳው ከከረረ ደግሞ ቆቡን ወደ ውስጥ ይጎትተውና ሽፋሽፍቱ ዓይንን መፋቅ ይጀምራል። እንግዲህ ድርቀቱ ከመነጽሩ በፊትም ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ መነጽሩ አጋለጠው እንጂ አልፈጠረው ይሆናል።

ይህን የማነሣው ትራኮማ አሜሪካ ውስጥ እምብዛም ስለማይታይ፣ ዓይንዎን የሚያየው ባለሙያ ራሱ ላያስበው ስለሚችል ነው። «ልጅ ሆኜ ኢትዮጵያ ውስጥ ትራኮማ ይዞኝ ነበር፤ የላይኛውን የዓይን ቆቤን ገልብጠው ይዩልኝ» ይበሉ። ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ካልጠየቁ ግን ማንም ላይገለብጠው ይችላል። ሞል ውስጥ ያለ መነጽር ቤት ቁጥርዎን ለክቶ ይሸኝዎታል፤ እኔ የምልዎት የዓይን ሐኪም ነው። ቀጠሮ ሲይዙም መድን እንዳያሳስትዎት፦ ለመነጽር የሚከፍለው የእይታ መድን ሌላ፣ ለሕመም የሚከፍለው የጤና መድን ሌላ ነው። ድርቀትና የቆብ ጠባሳ በሁለተኛው ነው የሚታዩት።

እስከዚያው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠውን ሰው ሠራሽ እንባ ይጠቀሙ፤ ሺፍት ከመግባትዎ በፊት አንድ ጊዜ፣ ብሬክ ላይ አንድ ጊዜ። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ ካስፈለገዎት ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ በሚሆን ትንሽ ብልቃጥ ታሽጎ የሚመጣውን ይግዙ። የዓይን ቅላት አጠፋለሁ የሚለውን ጠብታ ይለፉት፤ ሲተዉት ቅላቱ ብሶ ይመለሳል። ከአገር ቤት የመጣ ቴትራሳይክሊን ቅባት ቤትዎ ካለም (የብዙዎቻችን መድኃኒት ሳጥን ውስጥ አይጠፋም) ለዚህ አይሆንም።

የግንባሩ ውጋት መንገዱ ሌላ ይመስለኛል። ስክሪኑ ከዓይንዎ በሁለት ጣት ርቀት ላይ ቢሆንም፣ ፊቱ ያለው ሌንስ ምስሉን ርቆ እንዲታይ ያደርገዋል። ጉግል ግላስ የተባለው የጉግል ባለ ስክሪን መነጽር ሲወጣ ለምሳሌ፣ ምስሉ 2.4 ሜትር ርቆ እንደተቀመጠ ባለ 25 ኢንች ስክሪን ነው ተብሎ ነበር የተገለጸው። እጅዎ ላይ ያለው ካርቶን ግን በ40 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ከስክሪኑ ወደ ካርቶኑ፣ ከካርቶኑ ወደ ስክሪኑ፣ በሺፍት ውስጥ ስንት መቶ ጊዜ? የሃያ ዓመት ወጣት ዓይን ይህን ሳያውቀው ይሠራዋል። በ44 ዓመት ግን ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ እየጠጠረ፣ ቅርቡን ለማየት መተጣጠፉን እየተወ የሚሄድበት ጊዜ ነው፤ ስልክዎን ራቅ አድርገው ማንበብ ጀምረው እንደሆነ ራስዎ ያውቁታል። የቅርብ ማንበቢያ ቁጥር ሳይኖርዎት እየታገሉ ከሆነ ውጋቱ ከዚያ ነው። ምስሉ የሚመጣው ለአንድ ዓይን ብቻ መሆኑም ያደክማል፤ አንጎል ሁለት የተለያየ ነገር ቀርቦለት አንዱን ሲመርጥ ይውላል።

አንድ ነገር ቤትዎ ይሞክሩ። ሁለት እጅዎን ዘርግተው በመዳፎችዎ መሃል ትንሽ ቀዳዳ ይሥሩ፤ በሁለቱም ዓይን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በቀዳዳው ይዩት። አሁን ግራ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሰዓቱ ከቀዳዳው ከጠፋ መሪ ዓይንዎ ግራው ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ ያለው በቀኝ ነው። እንዲህ ሲሆን ይበልጥ የሚቸገሩ ሰዎች አሉ። ስክሪኑ ወደ ሌላው ዓይን የሚዛወርበት ሞዴል ስላለ ሱፐርቫይዘርዎን ይጠይቁ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን እርስዎ ያልጠየቁት ነገር ነው። አንድ ታካሚዬ እንደ እርስዎ ያለውን መነጽር ይዞልኝ መጥቶ ነበር። አደረግሁትና በኮሪደሩ ላይ ጽሑፉን እያነበብሁ ተራመድሁ። ከቀኝ በኩል ካለው ክፍል ትሪ ይዛ የወጣችውን ነርስ ያየኋት ትሪው ክንዴን ከነካኝ በኋላ ነው። እርሷ ሳቀች፤ እኔ ግን መጋዘን ውስጥ ከዚያ በር የሚወጣው ፎርክሊፍት መሆኑን ነው ያሰብሁት። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ጉግል ግላስን ባደረጉ ሰዎች ላይ የእይታ ስፋትን ለክቶ፣ ከላይ በቀኝ በኩል የማይታይ ቦታ አግኝቷል። ምክንያቱም የሚታየው ጽሑፍ ሳይሆን የመነጽሩ አካል ራሱ ነው። የተለኩት ሦስት ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ብዙ አልጭንበትም፤ ግን ኮሪደሩ ላይ የደረሰብኝ ከዚያ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ መተላለፊያ ሲያቋርጡ ቆመው አንገትዎን ሙሉ ለሙሉ ወደ ቀኝ ያዙሩ። ጽሑፉን ቆመው እንጂ እየተራመዱ አያንብቡ።

አሠሪዎች ለምን ይህን ዕቃ እንደወደዱት ይገባኛል። ዲኤችኤል እ.ኤ.አ. በ2015 ኔዘርላንድስ፣ በርገን ኦፕ ዞም ካለው መጋዘን የተገኘ ነው ብሎ ያስታወቀው የቅልጥፍና ጭማሪ 25 በመቶ ነበር። የሞከሩት ግን አሥር ሠራተኞች ነበሩ፣ ለሦስት ሳምንት። እርስዎ አራተኛ ወርዎ ላይ ነዎት። ስለዚህ «ዓይኔን አመመኝ» ሲሉ እንደ ሰነፍ እንዳይታዩ፣ የሚያስፈልግዎትን ሐኪሙ በወረቀት ይጻፍልዎ፦ ቁጥር ያለው ሌንስ መነጽሩ ላይ እንዲገጠም፣ የስክሪኑ ብርሃን እንዲቀነስ፣ ወይም በጆሮ ማዳመጫ ትእዛዝ ወደሚሰጠው አሠራር እንዲዛወሩ። መነጽሩን ከሌላ ሺፍት ሠራተኛ ጋር የሚጋሩ ከሆነ አፍንጫ ላይ የሚያርፈውን ክፍል በፀረ ተዋስያን ይጥረጉት፤ የሚተላለፈው የዓይን መቅላት በእጅና በዕቃ ነው የሚዛመተው።

ስለ መንዳቱ፦ ከሺፍት በኋላ መኪናው ውስጥ ዓይንዎን ጨፍነው አሥር ደቂቃ ይቀመጡ። ዓይንዎን ሲያርገበግቡ ብዥታው የሚጠራ ከሆነ ድርቀት ነው። ካልጠራ ሰው ይንዳልዎ፤ ምርመራውም አይዘግይ። ስኳርም ይለኩ፤ ከፍ ዝቅ የሚል ስኳር እይታን ያደበዝዛል።

ሐኪሙ ዘንድ ከቀረቡ አይቀር የዓይን ግፊትዎንና የዓይን ነርቭዎን ያሳዩ። የዓይን ነርቭን የሚጎዳው ግላኮማ በአፍሪካ ተወላጆች ላይ ይበረታል፣ አያምም፣ አይቆረቁርም፤ ሰው የሚያውቀው ከእይታው ብዙ ከተሰረቀ በኋላ ነው። እንደ እርስዎ የሚቆረቁረው ሰው በአንድ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ሐኪም ቤት ይሄዳል።

የሚከተሉት ከታዩ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዕለቱ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፦ የመብረቅ ዓይነት ብልጭታ፣ በድንገት የበዛ ትንኝ መሰል ጥቁር ነጠብጣብ፣ ከጠርዝ የሚወርድ መጋረጃ፣ ድንገት ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ወይም ዓይን ቀልቶ ከከባድ ሕመምና ከማስመለስ ጋር መብራት ዙሪያ ቀለበት ማየት።

መነጽሩን ከመጋዘን ማውጣት ካልተፈቀደልዎ፣ አድርገውት ሳለ ጓደኛዎ ከፊት ለፊትና ከጎን ፎቶ ታንሣዎትና ለሐኪሙ ያሳዩት። ስክሪኑ የትኛው ዓይን ፊት፣ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደተቀመጠ ከዚያ ይታያል።